ፊት አልባው የማሽላ ጠባቂ

ስለ ቅርጻ ቅርጽ አንዲት ነገር ሳላውቅ ነው ቅርጻ ቅርጽ የሠራሁት። ያን ጊዜ ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር መልሴ «የሠርግ ቪዲዮ አነሳለሁ» ነበር። ወንድሜ ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር ቪዲዮ ቤት ነበረው። እሱ የወንዶቹን ዳስ ያነሳል፣ እኔ የሴቶቹን። በእኛ ዘንድ ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ወንድ ካሜራ ይዞ ዝር አይልም፤ ካሜራ የያዘች ሴት ደግሞ በዞኑ ሁሉ ከእኔ በቀር አልነበረችም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ እያልኩ ነበር የማወራው። የሠርግ ወራት ሲገባ ከሙሽራዋ እኩል እጠበቅ ነበር። ባጃጅ ስሳፈር የካሜራውን ቦርሳ ሰው ሁሉ እንዲያየው ጉልበቴ ላይ ነበር የማስቀምጠው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን መሬት አልበቃኝም ነበር።

የተነሳውን ቪዲዮ በኮምፒዩተር አቀናብሬ ሲዲ ላይ የምገለብጠውም እኔ ነኝ። ታዲያ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር በመገልበጥ ላይ ያለው ሲዲ ይበላሻል። መብራት ብልጭ ድርግም ያላለበት ቀን ደግሞ እንጃ፣ እኔ አላስታውስም። የተበላሸው ሲዲ በካርቶን ይከማቻል። ወንድሜ «ጣይው» ይለኛል፤ እኔ አልጥልም። እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ነገር አንድ ቀን ለአንድ ነገር መሆኑ አይቀርም ብዬ አምን ነበር። ለምን እንደሚሆን አላውቅም እንጂ።

አክስቴ የምትኖረው ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ። ባሏን አጎቴ እያልኩ ነው ያደግሁት። አጎቴ ማሽላው እሸት በያዘ ቁጥር ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ ሲከላከል ይውላል። ሌላው ገበሬ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል፤ እሱ ወንጭፉን የሚይዘው ለወጉ ነበር። መሣሪያው ድምፁ ነው። «ሆሆሆይ! ዴማ! ዴማ!» ሲል፣ በኦሮምኛ «ሂዱ! ሂዱ!» ማለቱ ነው፣ ከሦስት ማሳ ወዲያ ያለው ወፍ ሳይቀር ብድግ ይላል። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ የጨፋ ወፍ ግን እንዳገሯ ትሰማለችም። ልጅ ሳለሁ ወፎቹ ኦሮምኛ ያውቃሉ ብዬ እምል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ስታገባ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል አባቷ ሊመርቃት ወደ ሴቶቹ ዳስ ገባ። ሴቶቹ «ለካሜራው ተናገር! አንድ ነገር በል!» ብለው ያዙት። አጎቴ ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። አላበው፣ ኮፍያውን አስተካከለ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። ከዚያ ምን እንደመጣበት እንጃ፣ «ሆሆሆይ! ዴማ! ዴማ!» ብሎ ጮኸ። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሙሽራዋ እያለቀሰች ነበር፤ እሷም ሳቀች። እኔም ስስቅ ካሜራው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ያንን ሠርግ በሲዲ ገልብጬ ለአክስቴ ሰጠኋት። ቤቷ መብራት የለም፣ ማጫወቻም የለም። ፎቶ እንኳ አትሰቅልም፤ የሰው ምስል በተሰቀለበት ቤት መላእክት አይገቡም ትላለች። አንድ ቀን እኛ ሱቅ መጥታ ቪዲዮውን አየችና ሲዲውን አገላብጣ «እዚህ ውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። በሻርፗ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ዓመት ሳይሞላ አጎቴ ታሞ ሞተ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ለአዲስ ሠርግ ቦታ እንዲገኝ ብዬ የድሮውን ሁሉ ከኮምፒዩተሩ አጥፍቼው ነበር። አጎቴ ያለበት ሲዲ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም አክስቴ ሣጥን ውስጥ። እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

በሚቀጥለው ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳው ሰማዩን አልብሶ መጣ። አክስቴ ማማው ላይ ወጥታ ብትጮህ ድምጿ እስከ ማሳው ጫፍ እንኳ አይደርስም። ልጠይቃት ስሄድ ጉሮሮዋ ተዘግቶ በምልክት ነበር የምታናግረኝ። እያየነው የማሽላው ራስ እየተመጠጠ ገለባ ብቻ ይቀራል። የሲዲው ካርቶን ትዝ ያለኝ ያን ዕለት ነው።

ከቪዲዮ ቤታችን አጠገብ ብየዳ ቤት ነበር። ለበያጁ «ሰው የሚያህል ነገር ሥራልኝ» አልኩትና እሱ ሲበይድ እኔ ስመርጥ፣ እሱ ሲያቆም እኔ ሳስፈርሰው ሁለት ቀን ዋልን። ቁርጥራጭ ፌሮ አጥንቱ ሆነ፣ የዘይት ቆርቆሮ ትከሻው፣ የአሮጌ ቢስክሌት ጎማ ቸርኬ ደረቱ። ቸርኬው ነፋስ በነካው ቁጥር እንዲሽከረከር አደረግነው። ከዚያ ሲዲዎቹን በሽቦ እያሰርኩ ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። በያጁ «ፊቱስ?» አለኝ። ፊት ያላበጀሁለት ተራቅቄ አይደለም። አክስቴ አስጠንቅቃኝ ነበር፦ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፊት እንዳታበጂለት። ሩህ መስጠት፣ ነፍስ መዝራት፣ የአላህ ነው። ነገ አኺራ ላይ ‘በይ ሩህ ስጪው’ ብትባዪ ከየት ታመጫለሽ?» ከየትም አላመጣም። ስለዚህ ያለ ፊት ቀረ።

ማማው አጠገብ ያቆምነው ጠዋት ነበር። ፀሐይዋ ከተራራው ብቅ ስትል ቸርኬው ዞረ፣ ሲዲዎቹ ተቀጣጠሉ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በማሽላው ላይ ይሮጥ ጀመር። ግሪሳው መጣ። ማሳው አናት ላይ ሲደርስ ባንድ ጊዜ ታጠፈና ተመለሰ። አክስቴ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮዋ እልል አለች። እኔ በማሽላው መካከል እየዘለልኩ እጮኻለሁ፤ ከሩቅ ያየኝ ሰው ጂኒ የያዛት ሳይለኝ አልቀረም። የሠራሁት ነገር እንደዚያ ሲሠራ ዐይቼ አላውቅም ነበር። ሠርግ ይታያል፣ ይሳቅበታል፣ ይረሳል። ይህ ግን እህል አዳነ።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ጭረት የበዛበትን ሲዲ ይዞ ይመጣ ጀመር። አክስቴ እየተቀበለች ባዶ ቦታ እየፈለገች ታስራለች። መንዙማ ያለበትን ብቻ «ወፍ ይኮሳበታል፣ ነውር ነው» ብላ ትመልሳለች።

አንድ ቀን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የምትመለስ ሴት ብልጭታው ከመንገድ ታያትና መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቁማ በማሳው መሀል በእግሯ መጣች። አክስቴ «ሠሪዋ ከሚሴ ናት፣ ቪዲዮ ቤት ጠይቂ» ብላ ላከችብኝ። ሴትዮዋ የሥነ ጥበብ መምህርት ነበረች፤ ራሷም ቀራጺ። ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ ሱቃችን ገባችና «የማሽላውን ሰው የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ያጠፋሁ መሰለኝ። «ወፍ ለመከላከል ነው እኮ» አልኳት።

«ቅርጻ ቅርጽ ነው» አለች።

ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ፣ በኮምፒዩተር፣ በቪዲዮና በውዳቂ ብረት የሚሠሩ አርቲስቶች አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርዕይ ሊያሳዩ ነው፤ አዘጋጇ እሷ ናት። «የአንቺን እፈልገዋለሁ» አለችኝ። «ራሱን፣ እዚያ የቆመውን፣ አቧራውም የወፉ ኩስም እንዳለ። ቪዲዮ ጨምሪበት፤ ሙያሽ አይደል?» እሷ ወጥታ ሳትርቅ ጮቤ ረገጥኩ። ወንድሜ «ሴትዮዋ ጤነኛ ናት?» ብሎ በር ላይ ወጥቶ አያት።

የሌሎቹን አርቲስቶች ሥራ በኢሜይል ላከችልኝ። ያኔ በከሚሴ ኢንተርኔት ቤት አንድ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ ጣሪያ ይመጣል፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ልብሽ ሊወልቅ ሲል ነገሩ ይመጣል። አንዷ በተበለቱ ራዲዮኖች ሆድ ዕቃ በር ሠርታለች። አንዱ እውነተኛ ጀልባ ውስጥ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ደርድሮ በሁሉም ላይ ውኃ ብቻ ያሳያል። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እነዚህ ሰዎች እንደኔ ናቸው! ዕቃ መጣል የማይሆንላቸው ሰዎች ናቸው! ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የነበሩትን የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ እየጠራሁ «ኑ፣ ጀልባውን እዩ» እል ነበር።

ችግሩ አንድ ነው፤ ዐውደ ርዕዩ የሚከፈተው ማሽላው ገና እሸት ሳለ ነው። ጠባቂውን ብወስደው የአክስቴ እህል ለግሪሳ ሊሆን። በያጁን ለምኜ በአራት ቀን ሁለተኛ ሠራሁ፤ እንደውም ከመጀመሪያው ያምራል። ይዤላት ስሄድ አክስቴ አየችውና «ማሻአላህ። እንግዲያ አዲሱን ውሰጂ፣ እሱን ተዪልኝ» አለችኝ።

«የተመረጠው እኮ እሱ ነው» አልኳት።

«ሁለቱም ብረት ናቸው።»

«ሁለቱም ብረት ከሆኑ ላንቺ ምን ለውጥ አለው?»

መልስ አልሰጠችኝም። ክርክር የረታሁ መስሎኝ ዝምታዋን ፈቃድ ብዬ ተረጎምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ስንነቅለው አክስቴ ተጠጋችና ቸርኬው እምብርት ላይ በአረንጓዴ ክር የታሰረውን ሲዲ ዳበስ አድርጋ «በጥንቃቄ ያዙት» አለች። ሽቦ አልቆባት በክር ያሰረችው ነው ብዬ አለፍኩት።

ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ አስተኝተን፣ እኔና ወንድሜ ጋቢና ተቀምጠን ጉዞ ጀመርን። አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ ከላይ የሚያብረቀርቀውን አይቶ አስቆመን።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የወፍ ማስፈራሪያ ነው» አለ ወንድሜ።

«ወዴት ነው የምትወስዱት?»

«አዲስ አበባ።»

ፖሊሱ ትንሽ አሰበና «አዲስ አበባም ግሪሳ ገባ?» አለ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ሳቅን።

አዳራሹ ስገባ ጀልባው ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ እውነተኛው! ልነካው ስል ባለቤቱ መጣና፣ እሱ የኔን ቋንቋ እኔ የሱን ሳንችል፣ ጠባቂዬን ዞሮ አይቶ ቸርኬውን በጣቱ ገፋው። ሲዞር ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የኔ የኤሌክትሪክ ገመድ ማጠሩን አይቶ ከራሱ ዕቃ ረጅም ገመድ አውጥቶ ሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ስንያያዝ፣ ሚስማር ስንዋዋስ ዋልን። ሠርግ ቤት ሥራ ለለመደ ሰው ምኑም እንግዳ አልነበረም፤ ሙሽራው ብቻ ነው የተለየው።

ለመክፈቻው አንድ ቀን ሲቀረው መምህርቷ «ሲዲዎቹ ላይ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም፣ የተበላሹ ናቸው።»

«እስቲ ሞክሪያቸው።»

አንድ በአንድ እየፈታሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተትኳቸው። ብዙዎቹ ዝም አሉ። አንዳንዶቹ ግን ትንፋሽ ነበራቸው፤ ሂና የተቀባ እጅ ብቅ ይልና ወደ ባለ ቀለም ካሬዎች ይበታተናል። ያንን በፕሮጀክተር መልሰን በራሱ በጠባቂው ገላ ላይ ስንለቀው አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። ከእጅ በቀር ግን አንዲት ሴት እንኳ አላሳየሁም። ሴቶቹ ዳሳቸው ያስገቡኝ አምነውኝ ነው፤ የነሱን ገበና ለአደባባይ አላወጣም።

በመጨረሻ በአረንጓዴ ክር የታሰረውን ፈታሁ። ጀርባው ላይ በፀሐይ የደበዘዘ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉ የራሴ ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ።

ወዲያው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተትኩት። ዝናብና አቧራ ቧጥጦታል፤ ማሽኑ ደጋግሞ አንቋረረ፣ ተፋው፣ መልሼ ከተትኩት። ምስሉ ሁሉ ወደ ካሬ ተሰባብሯል። ኮፍያ የሚመስል ነገር ታየ። ከዚያ ከመሀሉ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «ሆሆሆይ! ዴማ! ዴማ!» አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ዞረ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አክስቴ ስልክ የላትም፤ ጎረቤቷ ጋ ደውዬ አስጠራኋት። «አክስቴ፣ አጎቴ ያለበትን ሲዲ ለምን እዚያ ሰቀልሽው?»

«ታዲያ የት ላድርገው?» አለች። «ግድግዳ ላይ ምስል አልሰቅል። ሣጥን ውስጥ ደግሞ ይታፈናል። ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ማሳ ላይ ነው፣ እዚያው ይሁን ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አዲስ አበባ ልወስደው ነው ብለሽ እንደዚያ ስትዘዪ አይቼ? ደስታሽን ላጥፋው?»

«ግሪሳውስ?» አልኳት።

«አዲሱ ይጠብቃል፣ አልሐምዱሊላህ። እህሉ ደህና ነው።» ቀጥላ «ጠዋት ጠዋት ማሳ ስወርድ ሰላምታ የምሰጠው ነው ያጣሁት» አለችኝ።

የረታሁት ክርክር ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። በራሴ ተናደድኩ። ሲዲው ይመለሳል ብዬ ለመምህርቷ ነገርኳት።

«ከመካከሉ ከወጣ ሥራው ይጎድላል» አለችኝ።

«ይጉደል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተከራከረችኝም። የወጣውን ጥቂት ሰከንድ ድምፅ ገልብጬ ለዐውደ ርዕዩ አስቀረሁ። ሲዲውን በሻርፔ ጠቀለልኩት። ቸርኬው እምብርት ላይ አረንጓዴው ክር ብቻ ታስሮ ቀረ።

መክፈቻው ዕለት አዳራሹ ሰው በሰው ሆነ። በነፋስ ፋንታ ያቆምነው ማራገቢያ ቸርኬውን ባዞረው ቁጥር ከድምፅ ማጉያው አጎቴ ይጮኻል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል፤ ልክ ያን ቀን በዳሱ እንደሆነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መነጽር ያደረጉ ሰዎች ተሰብስበው ፊት አልባነቱ የዘመኑን ሰው የማንነት ፍለጋ እንደሚያሳይ ሲተነትኑ ሰማሁ። አንዱ ወደኔ ዞሮ «ፊቱን ለምን ተዉት?» አለኝ። «አክስቴ ከልክላኝ» አልኩት። ሰውዬው በማስታወሻው ላይ ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው ማወቅ እስካሁን ያምረኛል።

በማግስቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን። ዐውደ ርዕዩ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ወንድሜ «ቆይተሽ ተመስገኚ እንጂ» ቢለኝም አላስቆመኝም። የያዝኩት ሲዲውን ብቻ አይደለም። ድምፁን ወንድሜ ኪስ ውስጥ ባለችው የቻይና ሞባይል ላይ ጭኜው ነበር። ያን ሰሞን የወጡት የቻይና ሞባይሎች ድምፅ ማጉያቸው ጎረቤት የሚያጣላ ነበር፤ እኔም ስነጫነጭባት የኖርኩትን ሞባይል ያን ቀን ተለማምጬ ተዋስኳት።

ጨፋ ስደርስ አክስቴ ማማው ላይ ነበረች። ስታየኝ ገና ሳልናገር ወረደች። ሲዲውን ከሻርፔ አውጥቼ ሰጠኋት። ሳመችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ አዲሱ ጠባቂ ደረት ላይ በአዲስ ክር አሰረችው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀች። «በይ፣ አዲስ አበባ ምን አሉሽ?» አለችኝ እንደ ቀላል ነገር።

«አክስቴ፣ ይህን ስሚ» አልኳትና ሞባይሏን ወደ ላይ አንስቼ ተጫንኩት።

«ሆሆሆይ! ዴማ! ዴማ!»

አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች። ጠባቂ ከሌለው የጎረቤት ማሳ ላይ ግሪሳው እንዳለ ባንድ ጊዜ ተነሳ። በራሳችን ላይ አልፎ፣ ወደ ቦርከና አጋድሎ፣ ከዐይናችን እስኪጠፋ ድረስ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በዕንባዋ መሀል ሳቀች።

«አወቁት» አለች። «ዱጉማ፣ እውነት፣ በድምፁ አወቁት። እስቲ ድገሚው።»

ባትሪው እስኪያልቅ ደገምኩት።